ሰማይ የገባበት ፎቶ

ራጉኤል ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ፎቶ ቤት ከከፈተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስልኩን አውጥቶ የሚያፌዝበት አንድ ገጽ አለው። የገጹ ባለቤት በየለቅሶው እየዞረ፣ ድንኳን ውስጥ የሚቆመውን የሟች ፎቶ ያነሳና «የመንደር ጥበብ» ብሎ ይለጥፋል።

«ሥራ ፈት» ይለዋል ራጉኤል። ከሥራ ፈቱ ይልቅ ግን የሚንቀው ጉርድ ፎቶ አሳድገው ከሟች ጀርባ ሰማይና ደመና የሚያስገቡትን ፎቶ ቤቶች ነው። እሱ ቤት ሰማይ አይገባም፤ ደንበኛ ቢያለቅስም አይገባም።

ዛሬ የተለጠፈው ደግሞ የባሰበት ነው። ሰማዩ የልብስ ሳሙና አረፋ ይመስላል፣ የሰውዬው ጆሮም ከደመናው ጋር አብሮ ተቆርጧል።

«ይሄ ሰውዬ ሁለቴ ነው የሞተው» ብሎ ጻፈበት ራጉኤል። «ሁለተኛውን የገደለው ፎቶ ቤቱ ነው።»

ከዚያ የሠራውን ሰው ስም ሊፈልግ ፎቶውን አጎላው። ከሥሩ የተጻፈው የሟች ስም ነበር፦ ራጉኤል ከበበው። ፊቱ የራሱ ፊት ነው። ከድንኳኑ ጀርባ የሚታየውም የመኖሪያ ቤቱ አረንጓዴ በር ነው።

«ጋሽ ራጉኤል» አለች የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ሲና፣ ያልተከፈተ ፖስታ ይዛ። «ምሳ ላይ ሳሉ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴትዮ መጥተው ነበር። ጉርድ ፎቶ ነው፣ ለድንኳን ይደግልን፣ ሰማይ ይግባበት አሉ። እርስዎ ሰማይ እንደማይወዱ ብነግራቸው፣ ‹ከእንግዲህ ምን ይላል› አሉኝ።»