ያልጨረሰው እግር

«ይኸው! አየሽው አይደል?» አሉ አማቱ።

የሹፌሩ ቀኝ እግር ምንጣፉን ድም አድርጎ ረገጠና እዚያው ቀረ። ጉልበቱ ድርቅ ብሏል። ሰውየው ሶፋው ላይ ተቀምጦ እግሩን በሀፍረት ያየዋል፤ የሚረብሽ የጎረቤት ልጅ አስከትሎ የመጣ ይመስል።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ዝም ይበሉልኝ» አለች ባለሙያዋ።

አማቱ ዝም አሉ። እግሩም ለቀቀ።

ባለሙያዋ ሰውነት ውስጥ የተደበቀ ድንጋጤ አወጣለሁ የምትል ወጣት ናት። ክፍሏ ውስጥ መርፌ የለም፣ ኪኒን የለም። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ ትራስና የግድግዳ ሰዓት ብቻ። አማቱ ገና ከበሩ ሲገቡ ነው ያላማረቻቸው። «ትራስማ ቤታችንም ሞልቷል» ብለዋል፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ።

ነገሩ የጀመረው ሹፌሩ የዳቦ መኪናውን አማቱ ግቢ ሊያቆም ሲገባ ነው። አማቱ ፊት ለፊት ቆመው በሁለት እጃቸው እየጠሩ «ና! ና! ና!» ይሉታል። መጣ። እሳቸው አሸዋ ክምር ላይ ዘለው ተረፉ። የሳሎናቸው ግድግዳ አልተረፈም።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» አለ ሹፌሩ ከመኪናው እየወረደ።

የተጠራው መካኒክ መኪናው ስር ገብቶ ወጣና ፍሬኑ ደህና ነው አለ። በጫማ ያባረሩት አማቱ ናቸው። «ልጄን ውሸታም ልትለው ነው?»

ግድግዳ በሌለው ቤት አይታደርም። አማቱ ሻንጣቸውን ይዘው ሹፌሩና ሚስቱ ጋ ገቡ። እግሩም ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። አማቱ ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ሲሉ፣ ድም። «ይሄ ሸሚዝ አያምርብህም» ሲሉ፣ ድም። ዜና ላይ አስተያየት መስጠት ከጀመሩማ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ይነርታል። ሚስቱ እራት ላይ በቀኙ መቀመጥ ትታ ወደ ግራው ዞራለች። የእግር ጣቷ አብጧል።

አሠሪው ግን አላመነም። «ሥራ ጠልተህ ነው። ወይ ጤነኛ እግር ይዘህ ሰኞ ና፣ ወይ ቁልፉን አምጣ።» ሹፌሩ ደግሞ ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

«አየህ» አለች ባለሙያዋ፣ «ያን ቀን እግርህ አንድ ነገር ጀምሮ አልጨረሰም። ሰውነት የጀመረውን ካልጨረሰ አይለቅም። እማማን በጣም ስለምትወዳቸው፣ እግርህ ድምፃቸውን በሰማ ቁጥር ፍሬን ረግጦ ሊያድናቸው ይሞክራል።»

አማቱ መሀረብ አወጡ። «የኔ ጌታ! እኔ ደግሞ ስናገር የሚረግጥብኝ ንቆኝ መስሎኝ!»

ድም።

«እናስጨርሰው» አለች ባለሙያዋ። የግድግዳ ሰዓቱን አውርዳ መሪ አድርጋ አስያዘችው። «እኔ መንዳት አልችልም። የቀረውን አንተ ደርድር።»

ሹፌሩ ሦስት ትራሶች እግሩ ስር እንደ ፔዳል ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረ። «ፍሪሲዮን። ፍሬን። ነዳጅ።»

«ጎበዝ። አሁን ዓይንህን ጨፍን። እግርህን አትምራው፣ ተከተለው። እማማ፣ እርስዎ ፊቱ ይቁሙና ያን ቀን ያሉትን ይበሉ። ሳያስቀሩ።»

አማቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ና!»

እግሩ ተንቀጠቀጠ።

«ና! ና! መሪውን አዙር እንጂ፣ ምን ያንቀራፍፍሃል? ይሄን ሁሉ ዓመት ነድተህ ማቆም አልተማርክም? ልጄ ምን አይታብህ ነው እንደው… ና! ና እንጂ!»

«በለው!» ጮኸች ባለሙያዋ። «አትያዘው! እስከ መጨረሻው!»

እግሩ ወረደ። የቀኝ ጥጉ ትራስ ስፌቱ ተተርትሮ ጥጡን ተፋ። ሹፌሩ ጮኸ። ላብ አጠመቀው። እንባው ዱብ ዱብ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ይስቅ ጀመር። እግሩ እንደ እርጥብ ፎጣ ተዝለፈለፈ።

«ያናግሩት» አለች ባለሙያዋ በሹክሹክታ።

«አንተ» አሉ አማቱ እየፈሩ። «ፀጉርህን ተቆረጥ።»

ዝም። እግሩ ንቅንቅ አላለም።

ባለሙያዋ አጨበጨበች። ሹፌሩ ሰዓቱን ጥሎ ተነሳ፤ ባንድ እግሩ ዘለለ፣ በሁለቱም ዘለለ። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ! እማማ፣ ዳንኩ እኮ! ዛሬስ ረገጥኩት! አዩኝ አይደል? እስከ መጨረሻው ነው የረገጥኩት!»

አማቱ ወለሉ ላይ የተደረደሩትን ትራሶች ነበር የሚያዩት። ከዚያ ሻንጣ እንደሚያነሳ ሰው ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«አየሁህ የኔ ልጅ» አሉት። «ፍሬኑ ግን መሀለኛው ነው።»