ትኩስ ገንፎ በካስልጋርድ ዋሻ

«የተከበራችሁ የካስልጋርድ ዋሻ ነዋሪዎች! በጥልቅ ድንጋጤ የምናሳውቃችሁ፣ በመንደራችን የገንፎ ሽታ መሽተቱን ነው።»

ጋሽ ውብሸት ማስታወቂያውን ሲሰሙ ሳህኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸሸጉት። የካናዳ በጋ ሰው መጥበስ ከጀመረ ወዲህ፣ ከቫንኩቨር ደሴት እስከ ኒውፋውንድላንድ ያለው ሕዝብ በየዋሻው ገብቷል። ካስልጋርድን የሚያቀዘቅዘው በረዶ እንዳይቀልጥ ታዲያ ትኩስ ነገር ክልክል ነው፤ የተገኘበት ወደ ላይ፣ ወደ ሐሩሩ ይባረራል። ልጃቸው ምንታምር ግን ትናንት ወልዳለች። አራስን ቀዝቃዛ ገንፎ ማብላት ለጋሽ ውብሸት የሚዋጥ አልሆነም።

ተቆጣጣሪው ኪሩቤል፣ እዚያው ዋሻ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ጎረምሳ፣ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

«ጋሼ፣ ሳህኑን ያውጡት።»

«የቱን ሳህን?»

«ያንን ብርድ ልብስዎን የሚያጨሰውን።»

አራሷ ሳቋ አመለጣት። ኪሩቤል «ለምርመራ ነው» ብሎ ሳህኑን ከብርድ ልብሱ አወጣ፤ በማንኪያ ከነቅቤው ዛቅ አድርጎ ጎረሰና አፉን ይዞ ዘለለ።

«እፍ በልበት እንጂ!» ጮኸች ምንታምር።

«እፍ ምንድን ነው?»

አባትና ልጅ ተያዩ። ለካ ይህን ልጅ እፍ ብሎ ያጎረሰው ሰው የለም! ጋሽ ውብሸት ማንኪያውን ተቀብለው ከንፈራቸውን አሞጠሞጡ፤ ቀስ ብለው እፍ አሉና አጎረሱት። ኪሩቤል ዓይኑን ጨፈነ። ቀጣዩን ራሱ እፍ ሲል ቅቤው ዩኒፎርሙ ላይ ተፈናጠረ።

«ሽታው የካልሲ ነው ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለ አፉን እየጠረገ። «ግን ጋሼ፣ እሳት በሌለበት በምን አሞቁት?»

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ውብሸት።