ሦስት እስክቆጥር

«አፍንጫዋ አልረጋ አለኝ» ይላል አብራሪው በጆሮ ማዳመጫዬ። ስክሪኔ ላይ ያለው መስመርም ያንኑ ይናገራል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ፤ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ይሰፋል።

አብራሪው የታላቅ እህቴ ባል ነው። አውሮፕላኗ የሙከራ ናት፤ ሁለተኛ የላትም። የእጁን ትእዛዝ ተቀብሎ ክንፏን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትናንት «ይቺ ሰነፍ፣ ስጠራት ቆይታ ነው አቤት የምትለው» ብሎ ሲያሾፍብኝ እልህ ያዘኝና ለእጁ ፈጥና እንድትታዘዝ በፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት ቁጥር ከፍ አደረግኩ። አለቃዬ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ቢለኝ ሳቅኩበት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እህቴ በር ላይ «አደራ» አለችኝ። ሁሌም ትለኛለች፤ ሁሌም «እሺ» እላታለሁ።

ሊያርፍ እየወረደ ስለሆነ መሬቱ ቅርብ ነው። አፍንጫዋ ሲወጣ ይገፋታል፣ ሲወርድ ይስባታል፤ በታገላት ቁጥር ይብስባታል። ወይ «ዝለል» ልበለውና እሱ በፓራሹት ወጥቶ አውሮፕላኗ ትከስከስ፤ ወይ እጁን ያንሳላት። ምድር ላይ ባለው ማስመሰያ ማሽን ሃያ ጊዜ ሞክረነዋል፤ መሪውን ከለቀቁላት ሦስት እስኪቆጠር ራሷ ትረጋለች። ከዚህ ክፍል ሬዲዮውን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዛሬ ተረኛ እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ መሪውን ልቀቅ።» በሬዲዮ እንዲህ ብሎ መጥራት ክልክል ነው። ማንም አይቆጣኝም።

«በዚህ ከፍታ?»

«ልቀቅ። ሦስት እስክቆጥር ትረጋለች።»

«አንቺ ካልሽ እሺ፣ የኔ እህት። ለቀቅኩ።»

«አንድ።»

መስመሩ ይሰፋል።

«ሁለት።»

አሁንም ይሰፋል። ያኔ ትዝ ይለኛል፤ ሃያውም ሙከራ ቁጥሯን ከመቀየሬ በፊት ነበር። በአዲሱ አንድም ጊዜ አልሞከርነውም። «ዝለል» ማለት አለብኝ፤ ምላሴ ግን አልላወስ ይላል። አለቃዬ ትከሻዬን ይዞ ይነቀንቀኛል።

«እጄን አላስጠጋሁም» ይላል ጋሼ በጆሮ ማዳመጫዬ። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ የሚያጽናናኝ ይመስላል። «ሦስት አላልሽም እኮ። እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ዝለል! ጋሼ፣ ዝለል!»

መስመሩ ቀጥ ይላል።

ከኋላዬ አንዱ «ተመስገን! ረጋች!» ብሎ ያጨበጭባል። እኔም ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ ይለኛል፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ወደ ቁጥሮቹ አያለሁ። ፍጥነቱም፣ ከፍታውም፣ ሰዓቱም ባሉበት ቆመዋል። ከአውሮፕላኗ ቁጥርም ድምፅም አይመጣም።

ሰውየው ግን ማጨብጨቡን ገና አላቆመም።