ሁለት ሰው የሚችል ገመድ

ባለሀብቱ መልአኩ ሞትን ቀረብ ብሎ አይቶ መመለስ ይወዳል። ከሚያከራያቸው ሕንፃዎች ገንዘብ ከተረፈው ወዲህ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ አድሯል፤ ከአውሮፕላን ዘሏል፤ ሻርክ ባለበት ባሕር ጠልቋል። አሁን ደግሞ ማንም ወርዶበት የማያውቅ ገደል አምሮት ታች ጋይንት መጣ።

አስጎብኚው ዳንኤል ከአርብ ገበያ መንገድ መሪ ቀጠረ። ሰውየው አንዳርጌ ይባላል። የበሽሎን ገደል እንደ እሱ የሚያውቅ የለም ተባለ። ዳንኤል የቀረውን የሰማው ከተስማሙ በኋላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ይታያል የሚባለው የአንዳርጌ ልጅ የአንድ ሀብታም ቱሪስት ሻንጣ አዝሎ ሲሄድ ገደል ገባ። ቱሪስቱ በማግስቱ አገሩ ተመለሰ። ቤተሰቡም የልጁን ልብስ ዘርግቶ አለቀሰ።

«ጋሼ አንዳርጌ፣ የልጅዎን ነገር ለእንግዳው እንዳያነሱበት» አለ ዳንኤል። «ሰው ሞቷል ካሉት ይመለስብናል።»

«አላነሣም።» የአንዳርጌ ዐይን የዳንኤል መውረጃ ገመድ ላይ ነበር። «ይሄ ስንት ሰው ይችላል?»

«ሁለት።»

«ይበቃል።»

ጠዋት ተነሡ። ዳንኤል ሦስት መውረጃ መርጦ ነበር። አንዳርጌ ሦስቱንም ትቶ ከሁሉም ወደከፋው ወሰዳቸው። መልአኩን ደስ አለው።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሁለት ሰዎች መቃብር ይቆፍራሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ዳንኤል።

«ገና አልመጣም» አለ አንዳርጌ፣ ሳይቆም።

ጀርባው ላይ አዲስ ሰሌን ጠቅልሎ ተሸክሟል። መልአኩ መቀመጫ የያዘለት መስሎት አመሰገነው። ዳንኤል ግን በዚህ አገር አዲስ ሰሌን ሬሳ እንደሚጠቀለልበት ያውቃል። ፈራ።

አፋፉ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀውታል። የአንዳርጌ ሚስት የሻረግ ከፊት ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ቄስም መጥተዋል።

«ይሄ ሁሉ ሰው እኔን ለማየት ነው?» አለ መልአኩ። ፎቶ አነሣቸው።

ዳንኤል ወደ ጎን ሳበው። «ዛሬ ይቅርብህ። ሰውየውን አላመንኩትም።»

«ታዲያ ደስ የሚለው እኮ እሱ ነው» አለ መልአኩ፤ ቀበቶውን አጠበቀ፤ ወረደ።

ገመዱን የሚለቀው አንዳርጌ ነው። ዳንኤል ከእጁ ላይ ዐይኑን አልነቀለም። ሃያ ሜትር። አርባ። ስልሳ ላይ ገመዱ ቆመ። አንዳርጌ ወደ አፋፉ ጫፍ ተጠጋ።

ዳንኤል ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ። ይሄ ሰው ምንም አላደረገዎትም።»

አንዳርጌ ወደ ታች ያዳምጣል።

የዳንኤል የመገናኛ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ። የመልአኩ ድምፅ ጠዋት የነበረው አልነበረም።

«ዳንኤል... እዚህ ቋጥኙ ሥር የሰው ዐፅም አለ። ሻንጣ አዝሏል።»

አንዳርጌ ገመዱን ሳይለቅ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ አለ፤ «ጌታዬ፣ እሱንም ገመዱ ላይ ይሰሩልኝና ሁለታችሁንም እንሳባችሁ፤ እናቱ እዚህ ናት።»