የደወል ኃላፊ

ካርቱም በሚገኘው የዴሙ የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤት፣ በመምህርት ወሰንየለሽ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛዎች ነበሩ፤ የንባብ፣ የጽሕፈት፣ የሒሳብና የሥዕል። በየአሥር ደቂቃው ገሊላ ደወል ስትደውል ስድስት ስድስት ልጆች ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይዘዋወራሉ። ገሊላ ራሷ በየትኛውም ቡድን አልነበረችም። እዚያው ካርቱም የተወለደችው ልጅ አማርኛ ስለሚያስቸግራት፣ ቡድን እንዳታዘገይ ብላ መስከረም ላይ ደወሉን ያስያዘቻት መምህርቷ ነበረች። ልጅቷ ግን እንደ ሹመት ቆጥራው ጠዋት ጠዋት በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለዋለች።

በጥር መጨረሻ መምህርቷ የንባብ መዝገቡን ስታገላብጥ ከገሊላ ስም ፊት ለፊት አምስት ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ፊቷ ጋለ።

«ገሊላ፣ ደወሉን አስቀምጪና ንባብ ጋ ተቀመጪ።»

«ጀረሷ መጣችልን!» አለች አንዷ ተማሪ፣ ደወሉን በዐረብኛ ስሙ ጠርታ፤ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

ገሊላ ደወሉን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «ኡስታዛ፣ ምን አጠፋሁ? ጀረሱን በሰዓቱ ነው የደወልኩት፣ ወላሂ!»

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለቻት መምህርቷ። ደወሉን ተቀብላ የፊደል ካርዱን ፊቷ ዘረጋችላት።

የዚያን ቀን የደወለ ስላልነበረ ቡድኖቹ ከየጠረጴዛቸው አልተነሡም። ገሊላ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ፊደል ለየች፤ ገ፣ ሊ እና ላ።