ዐሥራ ሁለቱ ቃላት

አዳማ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪ ውጤት ሲፋቅ፣ ዲግሪ እንደ ሽንኩርት ሲቸረቸር ኖሮ፣ እግዜር ይመስገን ዘንድሮ ብሎክቼይን የሚሉት ነገር መጣ። የአንዱ ተማሪ ማኅደር ከሌላው ጋር በማይበጠስ ሰንሰለት ይታሰራል፤ አንዴ የገባውን ማንም አይፍቀውም። መክፈቻው ዐሥራ ሁለት ቃላት ናቸው። ባለሙያው ያደታ ቃላቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለዘበኛው ለዲበኩሉ ሰጠው። በግቢው የሚታመን እሱ ነው ተብሎ።

«ኮምፒውተር ላይ ሌባ ያገኘዋል፤ የእርስዎ ኪስ ይሻላል ጋሼ» አለው። «ከጠፋ ግን እኔም አልከፍተውም። ለሚስትዎም እንዳይነግሩ።»

ዲበኩሉ ገለጥ አድርጎ አየው። «ጨው፣ ድልድይ፣ ንብ፣ ማክሰኞ…» ራስና እግር የለውም። አማተበና ካፖርቱ ኪስ ከተተው።

በሳምንቱ ንጹሕ ካፖርቱን ደርቦ ሥራ ሲገባ ኪሱ ባዶ ነው። የሱሪውንም ፈተሸ፤ የለም። የልጁ የሉሊት ውጤትም እዚያው ተቆልፏል፤ መልካሳ ከተማ ያገኘችው ሥራ ደግሞ ማስረጃውን እስከ ዓርብ ይፈልጋል።

ጥርጣሬው ጫምሳ ላይ ወደቀ። ጫምሳ የድሮው መዝገብ ጸሐፊ ነው፤ ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ሥራ ፈትቷል። ያን ሰሞንም በር ላይ ሰላም ሲለው አጥብቆ አቅፎታል።

«ጫምሳ፣ መልስልኝ።»

«ምኑን?»

«ታውቀዋለህ!»

«ኦቦ ዲበኩሉ፣ እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ የምፈልግ ሰው ነኝ። የሌላ ሰው ዕቃ የት ብዬ ልደብቅ?» ብሎ ሳቀ።

ሲስቅ ጊዜ ዲበኩሉ ሌባነቱን አረጋገጠ።

ከሰው ተስፋ ቢቆርጥ ወደ ገብርኤል ዞረ። ያለችው አንድ ላም ናት፣ ቡሬ። እየተራገጠች አልታለብም ብላ የከረመችው ቡሬ ከሰሞኑ እንደ በግ ረግታለች። «ይህንንም ያደረገው እሱ ነው» ብሎ ተሳላት። ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ፀሐይቱ ሽንኩርት ልታመጣ ዓለም ጤና ገበያ ስትሄድ፣ ላሟን እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ።

«ስለት እኮ ሲደርስ ነው የሚገባው» አሉት ቄሱ።

«አባቴ፣ አስቀድሞ ከተቀበለኝ ዝም ቢለኝ ያፍራል።»

አንገቷን ዳበስ አድርጎ ከነጌጧ አስረከባት። ቡሬ ወዲያው ለጨረታ ቀረበች፤ አንድ የመተሐራ ነጋዴ አሸንፎ አይሱዙ ላይ ጭኗት ሄደ።

ማታ ፀሐይቱ በረቱን ባዶ አገኘችው።

«ለሉሊት ሥራ ስዬ አስገባኋት» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«ይሁን፣ ለልጃችን ነው። ግን አንገቷ ላይ ያሰርኩላትን ክታብ ፈታህልኝ? ካፖርትህን ሳጥብ ከኪስህ ያገኘሁት ጸሎት እኮ ነው እንዲያ የገራት።»