ሦስት ጥቁር ዝይዎች

ፉልክ ሬሳ አይጸየፍም። የሚጸየፈው ሬሳ የሚገፍፉትን ነው።

በፍላንደርስ ጭቃ ላይ ከተደረገው ውጊያ ማግስት ሥራው እንደ ወትሮው ነበር፤ የወደቁትን ባላባቶች በጋሻቸው እየለየ ስማቸውን መጥራት። ፊት አይመለከትም። ከብረት የራስ ቁር ውስጥ ተጨፍልቆ ከሚወጣ ፊት ምን ይገኛል? ጋሻ ላይ ግን አንበሳው የዚህ ቤት ነው፣ መስቀሉ የዚያ ቤት፣ አለቀ።

ቢጫ መደብ ላይ ሦስት ጥቁር ዝይዎች የተሳሉበትን ጋሻ ሲያይ «አንሶ፣ የሞርሌ ጌታ!» ብሎ ጮኸ። ሟቹ ጋሻውን እንዳነገተ ወድቋል፤ ቁስሉም ሁሉ ከፊት ነው። ፉልክ ደስ አለው። የሸሸ ጌታ ቢሆን ኖሮ ጋሻው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተዘቅዝቆ ይሰቀል፣ ርስቱም ይወረስ ነበር።

የሟቹ ሚስት ኤርሜሳንድ ከጓዙ ሰፈር መጣች። እሷና ባሏ ከሩቅ አገር የደረሱት በውጊያው ዋዜማ ነበር፤ ሎሌዎቻቸው አልቀው፣ ከእሷ በቀር ሟቹን የሚለይ አልቀረም። ተንበርክካ ደም ያረጠበውን ፀጉር እንደ ሕፃን ፀጉር በጣቶቿ አበጠረችው።

«እሱ ነው» አለች።

ከቀትር በኋላ ወታደሮች አንድ ሰው ከጫካ እየጎተቱ አመጡ። የለበሰው ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ጣቱ ላይ ግን ዝይ የተቀረጸበት ቀለበት አጥልቋል።

የሞርሌው አንሶ እኔ ነኝ አለ። የውሻውን ስም፣ የሚስቱን የቁልምጫ ስም፣ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ቀለም ሳይቀር ዘረዘረ። ፉልክ እንዲህ ያሉትን በደንብ ያውቃቸዋል፤ የሚያጣጥረውን ሰው ውኃ እያስጎነጩ ስለ ቤቱ ያወጣጡትና፣ ከዚያ አንቀው ይጨርሱታል።

«አንተ አንሶ ከሆንክ፣ ጋሻህ የሌላ ሰው ክንድ ላይ ምን ይሠራል?»

የሰውየው ዓይን ተቅበዘበዘ። «ሰርቆኝ ነው። ያ ልጅ ድሮም ሌባ ነበር።»

ፉልክ ምራቁን ተፋ። ገድሎ፣ ገፍፎ፣ አሁን ደግሞ የሟች ስም ያጠፋል።

አንገቷን ደፍታ የቆየችው ኤርሜሳንድ ያን ጊዜ ቀና አለች። ሰውየው ፈገግ አለላት። «ኤርሜ፣ ንገሪያቸው እንጂ።»

የሬሳ ገፋፊ ቅጣቱ ገመድ መሆኑን እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል። ፉልክ ድምፁን አለስልሶ፣ «እመቤቴ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?» አላት።

«አላውቀውም።»

ሰቀሉት። ገመዱ አንገቱ ላይ እስኪገባ ድረስ ኤርሜ፣ ኤርሜ እያለ ይለምናት ነበር፤ ወታደሮቹም ድምፁን እያስመሰሉ ሳቁበት።

ሰዉ ሲበተን ኤርሜሳንድ ብቻዋን ወደ ዛፉ ሄደች። የባሏን ገዳይ ልትረግም ነው ብሎ ፉልክ ሊያጽናናት ከኋላዋ ተጠጋ። እሷ ግን የተሰቀለውን ሽቅብ እያየች በለሆሳስ ታናግረው ነበር።

«ወንድሜን ጋሻህን አሸክመህ አስገድለህ፣ ተመልሰህ ከእኔ ጋር እራት ልትበላ ነበር፣ ባሌ?»